ያ ግንድ ለእሳት አልነበረም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቻለሁ። የተቆጣሁትም በእናንተ ነው። ራሴንም አልተውኩም፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

የበር ጣውላ ልገዛ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሄጄ ነበር። ግቢው መሃል አንድ የጥድ ግንድ ተጋድሟል። ቀጥ ያለ ነው፤ እጄን ዘርግቼ ላቅፈው ብሞክር አይሞላልኝም። ጫፉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች መቁጠር ጀመርኩ። 60 ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት። አሁን መጋዝ ላይ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት ሰዎች ምሳርና ሽብልቅ ይዘው መጡ። ይፈልጡት ጀመር። ለማገዶ!

«ይሄ እኮ ስንት ጣውላ ይወጣዋል!» አልኩ።

አንደኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «መጋዙ ዶልዱሟል ጋሼ። የማገዶ ነጋዴው ደግሞ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀ ነው። እጅ በእጅ ነው የሚከፍለው።»

በቃ፣ ምክንያቱ ይኼው ነው። የመጋዝ ጥርስ ለመሳል ሰነፉ፣ ከ60 ዓመት በላይ ያደገ ዛፍ ፍልጥ ሆነ።

አንዱን ፍልጥ አነሳሁት። እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ ሙጫው እጄ ላይ ቀረ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 18 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። እርጥቡ ከ8 ብዙም አያልፍም፤ ካለው እንጨት የሚገኘው ሙቀትም ከፊሉ ውሃውን ለማትነን ይሄዳል። ያ መኪና የጫነው ግማሹ ውሃ ነበር። ነጋዴው ነዳጅ እያቃጠለ ውሃ ያመላልሳል።

የባሰው ከጀርባ ነበር። ተራራ የሚያህል የሰጋቱራ ክምር በእሳት ተለኩሷል። «ቦታ ያዘብን» ነው መልሱ። ከክምሩ 20 እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ተደርድሯል፤ ሳይደርቅ ይሸጣል፣ ገዢው ቤት ሄዶ ይጣመማል። ሌላ ቦታ መሰንጠቂያ ቤቶች ቅርፊትና ሰጋቱራቸውን ምድጃ ውስጥ አንድደው ጣውላቸውን ያደርቁበታል። እዚህ እሳቱ ወደ ሰማይ፣ እርጥቡ ጣውላ ወደ ገበያ። ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ወገኖቼ፣ የእንጨት ሒሳብ እኮ ቀላል ነው። ከአንድ ግንድ ጣውላ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው ቅርፊት፣ ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ነው። ቁርጥራጩን የቺፑድ ፋብሪካ ይፈልገዋል። ሰጋቱራው ደርቆ በኃይል ሲጨመቅ፣ በራሱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ማያያዣ በሙቀት ይለሰልስና ያለ ሌላ ሙጫ ያያይዘዋል፤ ፔሌት የሚባለው ማገዶ እሱ ነው። እሳት የመጨረሻው ተራ ነው። እኛ ተራውን ገለበጥነው፤ ጣውላ የሚሆነውን ለማገዶ ፈለጥን፣ ማገዶ የሚሆነውን እንደ ቆሻሻ አቃጠልን።

ከሰሉንማ ባላነሳው ይሻላል። በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ከሰል አይገኝም።

ይህ የድሃ ስህተት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኪዮር የተባለ ኩባንያ ከሚሲሲፒ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የጥድ እንጨት ወደ ነዳጅ ሊለውጥ ተነሳ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ። ፊንላንድ ላፔንራንታ ላይ ደግሞ ዩፒኤም የተባለ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ናፍጣ ማምረት ጀመረ። ጥሬ ዕቃው ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ሊጥ (ፐልፕ) ሲዘጋጅ ከእንጨቱ የሚተርፍ ዘይት ነው። አንዱ በእንጨቱ ጀመረ፣ ሌላው በትራፊው።

አሁን ወደ ራሴ። ያን ሰውዬ ከመገሠጼ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ባለቤቱ ጣውላ አሳይቶኝ ነበር። ጤነኛ ጣውላ ነው፤ አጠር ያለና ጉጥ ያለበት። «ይሄንን አልፈልግም፣ ረጅምና ንጹሕ አምጣልኝ» አልኩት። ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ይህንን አውቃለሁ። «እኔ ካልወሰድኩት ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ምን እንደሚያደርጉት ግን ምሳሩ ነገረኝ። በተረቱ ዛፎቹ የምሳሩን ዛቢያ አይተው «ከእኛው ወገን ነው» ያሉት ለካ እኔን ነው።

እናንተስ? ጉጥ ያየ ሁሉ ፊቱን ሲያዞር፣ ባለ መሰንጠቂያው ለማን ብሎ መጋዙን ይሳል?

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ጉጥ ካለበት ጣውላ የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ፤ ገዛኋቸው። መጋዙ ተስሏል። ሁለት ጎረምሶች አዲሱን ሰጋቱራ በጆንያ ይሞላሉ። ለቺፑድ ፋብሪካ ነው አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል አሮጌውን ክምር አየሁት። ከላይ አመድ ለብሷል፣ ከውስጥ አሁንም ይጤሳል።

«ውሃ ብታፈስሱበትስ?» አልኩ።

«ስንቴ አፈሰስንበት» አለ አንደኛው የጆንያውን አፍ እየቋጠረ። «ጊዜ ይወስዳል እንጂ መጥፋቱስ ይጠፋል።»