ያላዘዝኩትን ለምን እሸከማለሁ?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ግን ገና አልበረደም። ጎረቤቶቼ ፍራሻቸውን ደጅ አውጥተው ተኝተዋል። እኔ እዚህ ሳቢያን፣ ለአራተኛ ሌሊት፣ ከአንዲት ትንሽ ራውተር ፊት ተቀምጫለሁ። ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በራውተሯ አይደለም፤ እሷ አቅሟ የፈቀደውን ሁሉ አድርጋለች። የተናደድኩት የዋይፋይ ድራይቨሯን፣ ማለትም የዋይፋይ ቺፗን የሚያሠራውን ፕሮግራም ጽፈው፣ የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም በአንድ ላይ ቋጥረው «እንዳለ ውሰደው» ባሉት ሰዎች ነው።

ነገሩ የጀመረው መጋላ ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት እናት አሉ። ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን ከስልካቸው በዋይፋይ ልከው እሳቸው ዘንድ ያትማሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ሲገናኝ ራውተሯ ቀጥ ትላለች። ነቅለው ይሰኳታል፤ ለግማሽ ሰዓት ትሠራለች፤ ደግማ ቀጥ። «ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ሰው ሲበዛባት ትደነግጣለች» አሉኝ። አዲስ ግዙ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ለወረቀትና ለቀለም የሚያወጡትን አውቃለሁ። «እናቴ፣ ይስጡኝ፣ አስተካክዬ አመጣለሁ» ብዬ ይዤ መጣሁ።

ከፍቼ ሳያት 4 ሜጋባይት ማከማቻ፣ 32 ሜጋባይት ማስታወሻ (ራም) አላት። በ4 ሜጋባይቱ ውስጥ ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ሊኑክስ)፣ ፕሮግራሞቹና የባለቤቷ ቅንብር ሁሉ መግባት አለባቸው። በ32ቱ ላይ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሻማል። ለራውተሮች ነፃ ሥርዓት የሚያዘጋጁት የኦፕን ደብሊውአርቲ ሰዎች ይህን የሚያህሉ መሣሪያዎች እንደማይበቁ ማስጠንቀቅ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ በፈረንጆቹ 2020 የወጣው 19.07 ለእነዚህ የተዘጋጀ የመጨረሻው እትም ነበር። ይገባኛል፤ ለዘላለም ሊሸከሟቸው አይችሉም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን እኔ ራሴ ቆራርጬ ልገነባው እችላለሁ ብዬ ተነሣሁ። የሚቆረጥ ነገር ካለ መቁረጥ ይቻላላ!

አይቻልም። ድራይቨሩ አይፈቅድም።

የምንጭ ኮዱን አንድ በአንድ አነበብኩት። ከብሉቱዝ ጋር አንቴና የሚጋራበት ክፍል አለው፤ ይህቺ ራውተር ብሉቱዝ የላትም። ከእንቅልፍ በኔትወርክ የሚቀሰቀስበት ክፍል አለው፤ ይህቺ ራውተር ተኝታ አታውቅም። የሬዲዮ ሞገዱን እየቃኘ ለመሐንዲሶች የሚያወጣ አለው። ፋብሪካ ውስጥ መሣሪያው ሲፈተሽ ብቻ የሚሠራ አለው። ስህተት ሲፈለግ የሚከፈቱ የመዝገብ ጽሑፎችም በመቶዎች ተሞልተዋል። መጋላ ውስጥ ተማሪ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ለሚያትምባት ዕቃ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። ሁሉም ግን ማስታወሻዋ ላይ ተቀምጠዋል።

«በቅንብር አጥፋቸው» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አጥፍቻቸዋለሁ። ያ ግን አምፖል ማጥፋት ነው፤ ሽቦው ከግድግዳው ውስጥ አልወጣም። ኮዱ ተጭኗል፣ ቦታውን ይዟል፣ አይሠራም እንጂ አለ። እኔ የምፈልገው ቤቱ ሲሠራ፣ ገና ግድግዳው ሳይለሰን፣ «ለዚህ ክፍል ሽቦ ይዘርጋ ወይስ ይቅር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ነው። በግንባታ ጊዜ «ይቅር» ያልኩት ነገር ቦታ አይወስድም። ቀዳዳም አይሆንም፤ የሌለ ኮድ ውስጥ ማንም ሰርጎ አይገባም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ተአምር የሚጠይቅ አለመሆኑ ነው። ሊኑክስ ኪኮንፊግ የሚባለውን የምርጫ ሥርዓት ካስገባ ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ ነው። አንዱን ድራይቨር ዋይ ካልከው ከከርነሉ ጋር አንድ ሆኖ ይገነባል፤ ኤም ካልከው ሲፈለግ የሚጫን ሞጁል ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል፤ ኤን ካልከው ጭራሽ አይገነባም። በድራይቨሩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍልም የራሱን አዎ ወይም አይደለም መስጠት ይቻላል። የኢንቴልን 10 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ተመልከቱ፦ የዳታ ማዕከሎች ብቻ የሚጠቀሙበት የትራፊክ ቅደም ተከተል አያያዝ በራሱ ምርጫ ተለይቶ ተቀምጧል። ኤቲኤች9ኬ የሚባለውን የዋይፋይ ድራይቨር ተመልከቱ፦ በላፕቶፕ ውስጥ ለሚገቡ ካርዶች ብቻ የሚያስፈልገው ክፍል ምርጫ አለው፣ ከእንቅልፍ መቀስቀሱ ምርጫ አለው፣ የሞገድ ቅኝቱም ምርጫ አለው። ያንን ድራይቨር የጻፉት ሰዎች በእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ላይ እንደሚጫን አውቀው አስበውልናል። እግዜር ይስጣቸው።

የእኔዋን ራውተር ቺፕ የሠራው ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ አልጎበኘውም። ምርጫው ስለሌለ በእጄ ልቆርጥ ገባሁ። የብሉቱዙን ፋይል ከግንባታው ዝርዝር አወጣሁት። ኮምፒውተሩ 40 ደቂቃ ከሠራ በኋላ «ይህን ፋንክሽን አላገኘሁትም» አለኝ፤ ፋንክሽን በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ነው። ፈለግኩ፤ ሰባት ቦታ ተጠርቷል። መቃኛ ሲጀምር ይጠራል፣ ቻናል ሲቀየር ይጠራል፣ ምንም በማይመለከተው ፋይል ውስጥ እንኳን ይጠራል። ሰባቱንም ዘጋሁ። መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ አሮጌ ነው፤ ግንባታው መሃል ላይ ተቋረጠ። በማግስቱ ማታ ከተውኩበት ቀጠልኩ።

አንድን ክፍል በምርጫ እንዲቀር የማድረጊያው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያም ይመክረዋል። ክፍሉ ሲመረጥ እውነተኛው ፋንክሽን ይገነባል፤ ሳይመረጥ የፋንክሽኖቹ ስም በሚታወጅበት በሄደር ፋይሉ ውስጥ በዚያው ስም ምንም የማይሠራ ባዶ ፋንክሽን ይቀመጣል። የሚጠሩት ቦታዎች አንዳቸውም አይነኩም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ባዶውን ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል። በየፋይሉ መሃል «ይህ ካለ፣ ያ ከሌለ» እያሉ መስመር መቆራረጥ አያስፈልግም። ለብሉቱዙ ክፍል ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጉት ጥቂት ደርዘን መስመሮች ናቸው። ጥቂት ደርዘን! የጻፈው ሰው ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚጨርሰውን ሥራ ነው እኔ አራት ሌሊት የምታገለው፤ እኔ ብቻም አይደለሁም፣ ይህችን ራውተር ለማዳን የሚሞክር ሁሉ በየከተማው እየታገለ ነው።

ምርጫ ማብዛት የማይፈልጉትን የድራይቨር ጸሐፊዎች ክርክር አልንቅም። ምርጫ በበዛ ቁጥር የሚፈተሸው ይበዛል፤ አሥር የአዎና አይደለም ምርጫዎች 1,024 ዓይነት ድራይቨር ይወልዳሉ። ሁሉንም የሚፈትሽ የለም። አንድ ተጠቃሚ ደግሞ የማያውቀውን ምርጫ አጥፍቶ «ዋይፋዬ ሞተ» እያለ ሊከሳቸው ይችላል። እውነት ነው። ግን ለሁለቱም መልስ አለ። ምርጫውን ለባለሙያ ብቻ በሚታየው ክፍል ስር አስቀምጡት፣ ካልተነካ ደግሞ በርቶ ይቆይ፤ ተራው ተጠቃሚ መኖሩንም አያውቅም። ፍተሻውን በተመለከተ፣ ምርጫዎቹን በዘፈቀደ እያቀላቀሉ ከርነሉን ሌት ተቀን የሚገነቡ ማሽኖች አሉ፤ ራንድኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሁሉንም ባይደርሱበትም የተበላሸውን አብዛኛውን ያጋልጡታል።

ከዚህ የባሰ የሚያሳርረኝ ምርጫውን አስቀምጦ አንድም ቀን አጥፍቶ ያልገነባ ሰው ነው። ከዚሁ ድራይቨር ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ አለ፦ የመዝገብ ጽሑፎቹን ለማጥፋት የተቀመጠ ምርጫ። አጠፋሁት። ግንባታው በሦስተኛው ፋይል ላይ ወደቀ፤ አንድ ተለዋዋጭ የተሰየመው በጽሑፎቹ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጥፍቶ ቢገነባው ያየው ነበር። በሩን ሠርቶ መከፈቱን ሳያይ የሚሄድ አናጢ አላውቅም።

ትናንት ሌሊት ተሳካልኝ። ብሉቱዙን፣ መቀስቀሻውን፣ የፋብሪካ ፍተሻውንና ቅኝቱን አወጣሁ፤ ራውተሯ ተነሣች። የእኔንና የታናሽ እህቴን ስልክ፣ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ ሰብስቤ 14 ስልክ አገናኘሁባት። አልደነገጠችም። እስከ ንጋት ሠራች።

ዛሬ ጠዋት ድርጅቱ የጸጥታ ቀዳዳ የደፈነበትን አዲስ የድራይቨር እትም አወጣ። ቀዳዳው ከባድ ስለሆነ ሳልቀበለው ራውተሯን መመለስ አልችልም። የእኔን ቆረጣ አዲሱ ላይ ልጭን ስሞክር አልገጠመም። የብሉቱዙ ፋንክሽን በሰባት ቦታ ይጠራ የነበረው አሁን በአሥራ አንድ ቦታ ይጠራል። ባለሱቋ እናት ከሰዓት ደውለው «ልጄ፣ ነገ ተማሪዎቹ ፈተና አላቸው፣ ትደርሳለች?» አሉኝ። «ትደርሳለች» ብያለሁ። አራቱን ዘግቻለሁ፤ ሰባት ይቀረኛል።