ለአንድ ሰው ሦስት ዓይነት ፊርማ

ለኢሜይል ፕሮግራሜ እኔ ሦስት ሰው ነኝ። አንዱ ደብረ ማርቆስ ዋናው ቢሮ ይሠራል፣ አንዱ ቡሬ ቅርንጫፍ ይመላለሳል፣ አንዱ ማታ ቤቱ ላፕቶፕ ይጎረጉራል። ሦስቱም አይተዋወቁም!

ደብዳቤውስ ደህና ነው፣ አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው፣ አይማፕ የሚባለው የኢሜይል አሠራር ደብዳቤውን ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉን በሚያስተናግደው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ ስለሚያቆየው ማርቆስ ያነበብሁት ቡሬም ተነቦ ይጠብቀኛል። የሚያበግነኝ ጓዙ ነው። ማጣሪያው፣ ፊርማው፣ የአድራሻ ደብተሩ፣ የፊደሉ መጠን ሳይቀር እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ከቢቸናና ከሞጣ የሚላከው የጤፍ ዋጋ በቀጥታ ወደ አቃፊው እንዲገባ ማርቆስ ላይ አዝዣለሁ። ያ ኮምፒውተር ሲዘጋ ማጣሪያውም አብሮ ይተኛል። ፍኖተ ሰላምን አልፌ ቡሬ ስደርስ ደግሞ እዚያ ያለው አሮጌ ማጣሪያ የሞጣውን ዋጋ «ያለቀ ጉዳይ» ውስጥ ከትቶት አገኘዋለሁ። ማን ነው ያለቀ ያለው?

ፊርማው ይባስ። የቡሬው አሁንም የቀድሞ ማዕረጌንና የድሮውን የቢሮ ስልክ ይዟል። ያ ስልክ ዛሬ መጋዘን ጥበቃ ክፍል ነው የሚጮኸው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደውሎ ስለ በቆሎ ዋጋ ቢጠይቅ፣ ጥበቃው «ጌታዬ፣ እኔ በቆሎውን እጠብቃለሁ እንጂ አልሸጥም» ብለው ዘጉበት። ነጋዴው እስካሁን የቀለድሁበት ይመስለዋል።

የኮምፒውተር ባለሙያችን መፍትሔው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የፕሮግራሙን ሙሉ አቃፊ በፍላሽ ይገልብጡት።» እሺ፣ ገለበጥሁ። ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ከተገለበጠ ሊበላሽ ይችላል። የማርቆሱ አዲስ፣ የቡሬው አሮጌ ስለሆነ ደግሞ አሮጌው የአዲሱን አቃፊ አልከፍትም ይላል። ከተከፈተም ቡሬ ላይ የመዘገብኋቸው የገበሬ ማኅበራት አድራሻዎች ድራሻቸው ይጠፋል፤ መገልበጥ ማለት በላዩ መደረብ እንጂ ማዋሐድ አይደለማ። መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ያለውን አላወራም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ችግሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኤካፕ የሚባል አሠራር ልክ ለዚህ ተብሎ ተጽፎ ወጥቷል፤ ቅንብሩም የአድራሻ ደብተሩም ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ሁሉ እንዲከተለው። አብዛኞቹ ፕሮግራም ሠሪዎች ግን ዞር ብለውም አላዩት። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሲቭ የሚባል የማጣሪያ ቋንቋ መጣ፤ ማጣሪያውን ሰርቨሩ ራሱ እንዲሠራው ያደርጋል፣ የማንም ኮምፒውተር ቢዘጋ ግድ የለውም። የእኛን ኢሜይል የሚያስተናግደው ድርጅት ይህን እንዲከፍትልን ብንጠይቅ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ላከልን። መልሱም «ያለቀ ጉዳይ» ውስጥ ገባ።

አሁን ባለሙያው የማርቆሱን ፕሮግራም እንደገና ሊያሻሽለው ነው። የቡሬውስ ብለው፣ ኮምፒውተሩ ስላረጀ አዲሱን አይሸከምም አለኝ።