ሽፋኑንስ ምን ይዞታል?

“አጥንትን ከጥርስ ኢምፕላንት ጋር ቶሎ የሚያያይዝ አዲስ ሽፋን ተሠራ” የሚል ዜና በየጊዜው እናነባለን። ደስ ይለኛል። ኢምፕላንት በጠፋ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የብረት ብሎን ነው፤ ጥርሱን ላጣ ሰው እያንዳንዱ ሳምንት ረጅም ነው። ግን ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ አጥንቱ ሽፋኑን ይያዘው፣ ሽፋኑን ራሱን ከብረቱ ጋር ምን ይዞታል?

ነገሩ የተጀመረው ያለ ምንም ሽፋን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ጥንቸል አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገባ። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ሲል እምቢ አለው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በ1965 ቲታኒየም ሰው መንጋጋ ላይ ተተከለ። የያኔው ብሎን ለስላሳ ስለነበር አጥንቱ እስኪይዘው ወራት ይጠበቅ ነበር።

ሽፋን የመጣው ይህን ለማሳጠር ነው። ዋናው ሃይድሮክሲአፓታይት ነው፤ የአጥንትና የጥርስ ማዕድን ዘመድ። ዱቄቱን እጅግ በጋለ ጋዝ (ፕላዝማ) ብረቱ ላይ ይረጩታል። አጥንት በእውነትም ቶሎ ይጠጋዋል። ችግሩ ከሥር ነው። የተላጠ የግድግዳ ቀለም አስቡ። አጥንቱ ቀለሙን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ግድግዳው ግን ሊለቀው ይችላል። በአንዳንድ ኢምፕላንቶች ላይ የታየው ይኸው ነው።

ስለዚህ እኔ የማደላው ብረቱን ራሱን ለሚያሻክሩት ነው። በደቃቅ ብናኝ ይደበድቡታል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክሩታል። በዓይን ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። በማይክሮስኮፕ ግን ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። የረጋው ደም ክሮች እዚያ ይጣበቃሉ፤ አጥንት የሚሠሩት ሴሎች በክሮቹ ላይ እየተሳቡ ይደርሳሉ። አጥንቱ ጥሩ ለሆነ ሰው የ12 ሳምንቱ ጥበቃ ወደ 6 የወረደው በዚህ ነው። የሚላጥ ነገርም የለውም።

ይሁንና ሻካራ ገጽ ለባክቴሪያም ይመቻል። በብሎኑ አንገት ዙሪያ ያለው አጥንት ከሸሸና ሻካራው ክፍል ከተጋለጠ፣ ማጽዳቱ ፈተና ነው። የሚያጨስ ሰው ደግሞ አደጋው ይብስበታል። ታካሚ ይህን መስማት ያለበት ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ድዱ መድማት ከጀመረ በኋላ አይደለም።

እናም ልትተከሉ ከሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ገጹ የተቀባ ነው ወይስ ብረቱ ራሱ የሻከረ? ማሸጊያው ላይ የኢምፕላንቱ ዓይነትና የምርት ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ። ከ10 ዓመት በኋላ የሚያያችሁ ሌላ ሐኪም መንጋጋችሁ ውስጥ ያለውን ከራጅ ብቻ መገመት የለበትም።