የቺካጎ ፖላንዳውያንን ስም የቀየረው ኤሊስ ደሴት አይደለም

«የቺካጎ ፖላንዳውያን ስም ያጠረው የኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች መጻፍ ስላቃታቸው ነው» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ወሬው የተለመደ ቢሆንም ልክ አይደለም። ኤሊስ ደሴት በኒው ዮርክ ወደብ የነበረ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ነው። የተሳፋሪውን ዝርዝር ይሞላ የነበረው የመርከብ ኩባንያው ነው፤ ያውም ገና መነሻው ላይ፣ እንደ ብሬመንና ሃምቡርግ ባሉ የጀርመን ወደቦች። የደሴቱ ተቆጣጣሪ የተጻፈውን ይዞ ይጠይቅ፣ ምልክት ያደርግ፣ ያሳልፍ ነበር። አስተርጓሚም አያጣም ነበር። ደግሞስ ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ የቺካጎ ፖላንዳውያን የካቶሊክ ቁምስና የሆነው ቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1867 ተመሥርቷል።

ስሙ ይቀየር የነበረው ከገቡ በኋላ ነው፤ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በዜግነት ማመልከቻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በስሙ ባለቤት ፈቃድ። ቮይቼክ የሚባል ፖላንዳዊ አልበርት ወይም ጆርጅ ይሆን ነበር።

ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ከዜግነት ወረቀቱ ይጀምር። ከመስከረም 1906 በኋላ የተሞላ ከሆነ የመርከቡ ስምና የመድረሻው ቀን አለበት። በዚያ ቀን የመርከቡን ዝርዝር ገጽ በገጽ ማንበብ ይሻላል፤ የኮምፒዩተር ፍለጋን ብቻ ማመን ያሳስታል። ሰረዝ ያለበትን የፖላንድ «ኤል» (ł) ዝርዝሩን ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡ ሰዎች «ቲ» (t) እያሉ ያነቡታልና ስሙ ሌላ ቦታ ይገባል። ሚስትየው ኮዋልስኪ ሳይሆን በሴት አጠራር ኮዋልስካ ተብላ ልትገኝ ትችላለች። የትውልድ አገር ላይ «ፖላንድ» ብቻ ብሎ መፈለግም አያዋጣም፤ ከ1795 እስከ 1918 ነጻ የፖላንድ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም፤ ምድሩን ጎረቤቶቹ ተከፋፍለውት ነበር። ሩሲያ፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያ ብላችሁም ሞክሩ።