ማስተካከያ፦ ሦስት ሰርቨር የሚበቃው መቼ ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ መጋዘኖች አንድ የክምችት መዝገብ በሦስት ሰርቨሮች (ሁለቱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ) ስለመያዝ ባለፈው በጻፍሁት ላይ «አንዱ በምንም መንገድ ቢበላሽ የቀሩት ሁለቱ ሁልጊዜ ይስማማሉ» ብዬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ አንባቢን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስት የሚበቃው ብልሽቱ ሥራ ማቆም ብቻ ሲሆን ነው። ሰርቨሮች በአንድ ውሳኔ የሚስማሙባቸው ስልቶች በሆኑት በፓክሶስና በራፍት ውሳኔ የሚጸናው አብላጫው ሲቀበለው ሲሆን፣ ማናቸውም ሁለት አብላጫዎች ቢያንስ አንድ የጋራ አባል ስላላቸው ተቃራኒ ውሳኔዎች አብረው ሊጸኑ አይችሉም። ስለዚህ ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የኔትወርክ መስመር ቢቋረጥ ደሴ ያሉት ሁለቱ ሥራቸውን ሲቀጥሉ ኮምቦልቻ ያለው ብቻውን ምንም ሊያጸና አይችልም። አንዱ ሰርቨር ግን ለአንዱ «100 ኩንታል ገባ»፣ ለሌላው «70 ነው» እያለ የሚዋሽ ከሆነ ሦስቱ አይበቁም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ላምፖርት፣ ሾስታክና ፒዝ እንዳሳዩት አንድ ዋሾ ለመቋቋም ቢያንስ 4 ያስፈልጋሉ፤ መልእክቱ በዲጂታል ፊርማ ቢታተም እንኳ፣ የመዘግየት ገደቡ በማይታወቅ ኔትወርክ ላይ ቁጥሩ ከዚህ አይወርድም።

«ሁልጊዜ ይስማማሉ» ማለቴም መታረም አለበት። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን፣ በ1985 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ መዘግየት ገደብ ከሌለውና አንድ ሰርቨር እንኳ ሊቆም ከቻለ፣ በዕጣ የማይታገዝ ስልት ከውሳኔ እንደሚደርስ ዋስትና የለውም። ራፍት በዚህ ጊዜ ይዘገያል እንጂ የተሳሳተ ውሳኔ አያጸናም።

ጽሑፌን አይታችሁ ሦስት ሰርቨር የተከላችሁ፣ ሁሉም በአንድ ባለቤት እጅ ከሆኑና የምትፈሩት መብራት መጥፋትን ብቻ ከሆነ እንዳለ ተዉት፤ እርስ በርስ የማይተማመኑ ነጋዴዎች የሚጋሩት ከሆነ ግን ሰርቨሩን 4 ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ ዋሾን ለመቋቋም የተሠራ ሌላ ስልት መጠቀም ያስፈልጋል።