አሮጌ ሰርቨር ላይም ቢሆን ሰርተፍኬት የሚያድሰው ሶፍትዌር አዲስ ይሁን

ጅማ ውስጥ የቢሮ ሰርቨር የሚይዙ ልጆች አንድ የጋራ ሕግ አላቸው። የሚሠራ ነገር አይነካም። ኡቡንቱ የሚባለው የሰርቨር ሲስተም ተጭኗል፣ ዌብሳይቱ ይከፈታል፣ አበቃ። እኔም ይህን ሕግ አከብራለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔቱ ዛሬ ደህና ሆኖ ነገ በሚንቀራፈፍበት ከተማ ትልቅ አፕዴት መሀል ላይ ከተቋረጠ መዘዙ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰዉ ኤልቲኤስ የሚባለውን፣ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን የኡቡንቱ ቨርዥን ይመርጣል። በየ2 ዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይወጣል። ለ5 ዓመት የደህንነት ጥገና ያገኛል። ውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው በወጡበት ቨርዥን ላይ ይቆያሉ።

ለዳታቤዝ ይህ ትክክል ነው። ለሒሳብ ሶፍትዌርም ትክክል ነው። የዌብ ሰርተፍኬት ለሚያድሰው ፕሮግራም ግን አይሆንም። ኡቡንቱን የሚያዘጋጁት ሰዎችም፣ እዚህ ሰርቨር የምንይዘው ሰዎችም ይህን አንድ ፕሮግራም ከሌሎቹ ለይተን ማየት አለብን።

ሰርተፍኬት ማለት በብዙ ብሮውዘሮች ላይ ከአድራሻው አጠገብ የምናየው የቁልፍ ምልክት ዋስትና ነው። ጊዜው ካለፈ ጎብኚው ዌብሳይቱን ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ያያል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ እዚያው ይመለሳል። ድሮ ሰርተፍኬት በአብዛኛው የሚገኘው በዶላር ተገዝቶ ነበር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው) ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም በነጻ ይሰጣል። ውጭ ምንዛሪና የውጭ የባንክ ካርድ ማግኘት ፈተና በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የጅማ ቡና ላኪ ወይም አንድ ክሊኒክ እንደ ትልልቆቹ ድርጅቶች የተጠበቀ ዌብሳይት እንዲኖረው ያደረገው ይህ ነው።

ነጻ ይሁን እንጂ ግዴታ አለው። ሰርተፍኬቱ የሚሠራው ቢበዛ ለ90 ቀን ነው። ስለዚህ በሰው እጅ ሳይሆን በፕሮግራም ይታደሳል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች በጣም የታወቀው ሰርትቦት ነው። በቀን 2 ጊዜ ይነሳና ሰርተፍኬቱን ያያል። ቀኑ ሲቃረብ ከሌትስ ኢንክሪፕት ጋር ተነጋግሮ ያድሳል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰርትቦት ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም፤ ማዶ ያለ ሌላ ወገን ያናግራል። ያ ወገን ደግሞ አነጋገሩን ይቀይራል። እኛ ባለንበት ብንቆም እሱ አይቆምልንም።

በእርግጥም ቀይሯል። በጥር 2018 አንድ ዶሜን፣ ማለትም የዌብሳይት አድራሻ፣ የማን እንደሆነ ከሚረጋገጥባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ቲኤልኤስ ኤስኤንአይ የሚባለው፣ ቀዳዳ ተገኘበት። ብዙ ደንበኞች በሚጋሩት ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ለሌላው ዶሜን ሰርተፍኬት ሊያወጣ ይችል ነበር። ዘዴው በመጋቢት 2019 ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው የመገናኛ ደንብ በሰኔ 2021 ጠፋ። ሁለተኛውን ደንብ የማያውቅ ሰርትቦት ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ማደስ አይችልም። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን 2014፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ሲደገፍበት የቆየው የድሮ ሥር ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሌሎቹ ሰርተፍኬቶች የሚታመኑበት መነሻ ሰርተፍኬት፣ ጊዜው አበቃ። ያረጁ ሲስተሞች ደህና የሆኑትን ዌብሳይቶች ሳይቀር አላምንም ማለት ጀመሩ። በእነዚህ ሁሉ ሰርቨሩን የያዘው ሰው የነካው ነገር የለም። ለውጡ የመጣው ከውጭ ነው።

አሁን ወደ ኡቡንቱ ልመለስ። 20.04 በሚባለው የኡቡንቱ ቨርዥን ላይ ያለው ሰርትቦት ቨርዥን 0.40 ነው። 22.04 ላይ 1.21፣ 24.04 ላይ 2.9 ነው። ኤልቲኤስ ነውና እዚያው ይቀራሉ ይባላል። ግን ኡቡንቱ ራሱ ይህን ደንብ ለሁሉም ነገር አይሠራበትም። የዓለም የሰዓት ክልሎች መረጃ በአሮጌ ኤልቲኤስ ላይም ይታደሳል፤ አንድ አገር ሰዓቱን ቢቀይር አሮጌው መረጃ ውሸት ይሆናልና። የታመኑ ሥር ሰርተፍኬቶች ዝርዝርም ይታደሳል። ፋየርፎክስም ወደ አዲሱ ቨርዥን ይሸጋገራል። መርሁ ግልጽ ነው፤ ከውጭው ዓለም ጋር እኩል መራመድ ያለበት ነገር ይራመዳል። ሰርትቦትም እዚህ ውስጥ ይገባል። እንዲያውም ተደርጎ ያውቃል። 18.04 ሲወጣ የነበረው 0.23 በኋላ ወደ 0.27 ከፍ ብሏል። ታዲያ ይህ አልፎ አልፎ የሚደረግ ሳይሆን የዘወትር አሠራር ቢሆን ምን ይጎዳል?

የተለመደው መልስ «ስናፕ ተጠቀሙ» የሚል ነው። ስናፕ ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት ሌላ መንገድ ነው። የሰርትቦት አዘጋጆችም ይህንኑ ይመክራሉ። ስናፕ አዲሱን ቨርዥን ያመጣል፣ ራሱን በራሱ ያድሳል፤ ክፉ ምክር አይደለም። ግን ከራሱ ጋር ሌሎች የፕሮግራም ጥቅሎችን ይዞ ይመጣል፣ ከተለመደው ጥቅል በጣም ይከብዳል፣ አዲስ ነገር ፍለጋም በቀን 4 ጊዜ ይወጣል። ዳታ በሚቆጠርበት መስመር ላይ ይህ ይሰማል። ከዚህም በላይ እዚህ ብዙው ሰው የሚያውቀው አንድ የአፕዴት ትዕዛዝ ነው። ያንን ሰጥቶ «ሁሉም ታድሷል» ሲባል ያምናል። ማመኑም ትክክል ነው። ጥፋቱ መንገዱን የሠሩት ሰዎች ጋ ነው።

አዲስ ቨርዥን ያለውን ያበላሻል የሚል ሥጋት አለ። ይህን አላጣጥልም። የሰርትቦት ቅንብርና የድሮ ሰርተፍኬቶች ግን በራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ። ያንን ፎልደር ኮፒ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። ፕሮግራሙ እውነተኛ ሰርተፍኬት ሳያወጣ እድሳቱን የሚሞክርበት፣ ድራይ ረን የሚባል ትዕዛዝም አለው። ያ ካለፈ ትክክለኛው እድሳትም የማለፍ ዕድሉ ትልቅ ነው። ካላለፈም ችግሩን ጊዜ እያለ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት ሰርቨሩን በሚጠብቀው ፋየርዎል ላይ ፖርት 80 የሚባለው የዌብ መግቢያ በር መዘጋቱ ነው።

ይህን አሁን የምለው ቀኖቹ ስለሚያጥሩ ነው። የብሮውዘር ኩባንያዎችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች በሚያዝያ 2025 የወሰኑት አለ። የማንኛውም ዌብሳይት ሰርተፍኬት ዕድሜ ከመጋቢት 2026 ጀምሮ ከ200 ቀን፣ ከመጋቢት 2027 ከ100 ቀን፣ ከመጋቢት 2029 ደግሞ ከ47 ቀን እንዳይበልጥ ነው። በዓመት አንዴ ገዝቼ በእጄ እጭናለሁ የሚለው መንገድ አበቃለት። በየ2 ወሩ አድስ ብሎ ክሮን በሚባለው የሰርቨሩ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፈም 47 ቀን ሲመጣ ይዘገያል። ሌትስ ኢንክሪፕት ጊዜው ሊያበቃ ነው እያለ ይልክ የነበረውን ኢሜይልም በሰኔ 2025 አቁሟል። ያንን ኢሜይል እየጠበቀ የሚኖር ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው የለም።

አዲሱ ሰርትቦት ሌላም ነገር ተምሯል። ከ4.1 ጀምሮ መቼ ማደስ እንዳለበት ራሱን ሌትስ ኢንክሪፕትን ይጠይቃል። በየካቲት 2020 መጨረሻ በተገኘ የሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰርተፍኬቶች በቀናት ውስጥ ሊሰረዙ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ አዲሱ ሰምቶ ቀድሞ ያድሳል። 24.04 ላይ ያለው 2.9 እንኳ ይህን አያውቅም።

እዚህ ጅማ ብዙ ዌብሳይት የሚሠራው በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ልጁ ይሠራል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር መኖሩን የሚሰማው ደንበኛ ሲደውልለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው። ውሉ ላይ ማን እንደሚያድስ ይጻፍ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ በማስተማር ይታወቃል። የኮምፒውተር ተማሪዎች በዚሁ አሠራር የከተማውን ሆቴሎች፣ ክሊኒኮችና ማኅበራት ሰርቨሮች እየዞሩ ቢፈትሹ ለነሱም ትምህርት፣ ለከተማውም እፎይታ ነው።

የቡና ሰዎች ደግሞ ጊዜ ምረጡ። አዲሱ ምርት ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል፣ የውጭ ገዢ ዌብሳይታችሁን የሚከፍተው ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ ባለሙያችሁን ጥሩና 3 ነገር ጠይቁት። ሰርትቦቱ ስንተኛ ቨርዥን ነው? ሙከራው አልፏል? እድሳቱ ባይሳካ ማን ስልክ ላይ መልእክት ይገባል?