በማርያም ምዬ ጉድ ሆንኩ

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ብርዱ ነው እንዳትሉኝ። ንዴት ነው።

ያቺን ክሬም የሐበሻ ቀሚስ ታውቋት የለ? ሰኞ ለት ፎቶዋን የለጠፍኳትን፣ ሃያ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ አንድም ሰው ያልገዛትን። ተሸጠች። እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ሰው ካለ ዛሬ እንጣላለን።

ሁለት ሆነው ገቡ። አንዷ ገዢ፣ አንዷ አጃቢ። ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ የሚፈራው ገዢ ሳይሆን አጃቢ ነው። ገዢዋ ልቧ ቀሚሱ ላይ ነው፣ ዓይኗ ያስታውቃል። አጃቢዋ ግን ከኪሷ አምስት ሳንቲም አይወጣም። ሥራዋ አፏ ብቻ ነው። እቺኛዋ ደግሞ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል፣ «ይሄማ ቻይና ነው» አለች።

ቻይና!

«እስቲ ይገልብጡት የኔ እናት» አልኳት። እንደ ቻይናው ጥለቱ የታተመ ቢሆን ጀርባው ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። የእጅ ጥለት ግን ክሩ በጀርባም አለ፣ በጣት ሲዳብሱት ይሻክራል። እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። የሠራውን ሸማኔ አውቀዋለሁ፣ የጋሞ ልጅ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ፣ መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ እያመላለሰ፣ ለጥለቱ ክር እየቆጠረ፣ ሁለት ሳምንት ተቀምጦባታል። ቅዳሜ ለት ይዟት ሲመጣ አሰሪዬ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? «የመጨረሻ ስንት?» አዎ። እሱም አለው። ልጁ ትከሻውን እያሸ ቆሞ ነበር።

ብቻ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

«ስንት ነው?»

«14,500።»

ገዢዋ ዝም። አጃቢዋ ግን ከት ብላ ሳቀች። «ከነሙሽራው ነው?»

ጎረቤት ሱቅ ያሉት ልጆች ሁሉ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ፣ ቀልዱ አይከፋም። ያልሳቅኩት «5 ሺህ እንሰጥሻለን፣ ጠቅልያት» ስትል ነው። 5 ሺህ! ክሩና ስፌቱ ብቻ ከዚያ ያልፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ እኮ ከውጭ የሚገባ ክር እንደድሮው አይደለም። ያኔ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 አልፏል። ይሄን ሳስረዳት «እና እኔ ዶላር ጠየቅሁሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ይባላል? እስቲ እናንተ መልሱልኝ።

እሺ፣ አውቃለሁ፣ «ጨምራችሁ ስለምትጠሩ ነው» ልትሉኝ ነው። አዎ እንጨምራለን! ክጃለሁ እንዴ? ግን ለምን እንደምንጨምር ታውቃላችሁ? አምና አሰሪዬ በሰው ምክር «ቁርጥ ዋጋ» ብሎ በትልቁ አጽፎ ለጠፈ። ልኩን ዋጋ፣ ምንም ሳንጨምር። ሰው ገብቶ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ «ቁርጥ ዋጋ»። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይልና «እሺ የመጨረሻ ስንት?» አስራ አንድ ቀን ቆየን። ሁለት ነጠላ ሸጥን። አንዷን የገዛችው የአሰሪዬ እህት ናት። በአስራ ሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ራሴ ቀደድኩት፣ ሽንት ቤት መሄጃው ላይ ያለችውን የተሰበረች መስኮት ደፈንኩበት፣ እስካሁን እዛው አለ። ሰው ካልተከራከረ የተበላ ነው የሚመስለው። 14,500 ብዬ በ11 ከሰጠሁት ደስ ብሎት ይሄዳል። በቀጥታ 11 ካልኩት ሌባ ነኝ።

እና ተከራከርን። አንድ ሰዓት ከሩብ። ቀሚሷን ሁለቴ ለካቻት፣ መቀነቱን አሰረች፣ ፈታች፣ ሴልፊ ተነሳች። አጃቢዋ ደግሞ ፎቶውን ለሆነ ሰው ላከች፣ በድምፅ «በስንት ታሰሪልናለሽ?» ስትል እዚሁ አጠገቤ ቆማ ነው! ሁለቴ ወጥተው ሄዱ። መንገድ አቋርጠው ዞር ይላሉ፣ እጠራቸው እንደሆነ። አልጠራሁም። ተመለሱ። ወደ 13 ወረድኩ፣ ወደ 12,500 ወረድኩ፣ መጨረሻ 11,800 ላይ ቆምኩ። አሰሪዬ ጠዋት ሲወጣ «ከ11,800 በታች እንዳትነኪያት» ብሎኛል። ቃል በቃል። ስለዚህ ማልኩ። «ማርያምን፣ ከዚህ በታች አልተፈቀደልኝም።» እኔ በማርያም ቀልድ የለኝም፣ ታውቁኛላችሁ።

«ባለቤቱን አገናኚን» አለች አጃቢዋ።

ደወልኩ። ድምፁን ክፈቺው አለች። ከፈትኩት። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሦስት ደንበኞች አሉ፣ የጥምቀት ሳምንት አይደል። «ጋሼ፣ 11,800 ብያቸው ነበር፣ እርስዎን ማናገር ፈልገው ነው» ከማለቴ ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? በዚያ ማር በመሰለ ድምፁ፦

«ኧረ ለነሱማ በ11 ስጫቸው!»

ለነሱማ! ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቅም!

ስልኩ ተዘጋ። ሱቁ ጸጥ አለ። አጃቢዋ ቀስ ብላ ወደ ጓደኛዋ ዞረችና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «አየሽ? ልጅቷ 800 ብር ለኪሷ ልታደርግ ነበር። ያውም በማርያም ምላ» አለች።

ለኪሷ። እኔ ከአንድ ቀሚስ የምትደርሰኝ 150 ብር ናት። «እሱ ነው 11,800 ያለኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? አሰሪዬን ውሸታም ነው ልበል? ጥግ ላይ ነጠላ ስትመርጥ የነበረች እናት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ነጠላውን አጣጥፋ አስቀመጠችና ወጣች። እሷንም አጣሁ።

አላለቀም። በቴሌብር ስትከፍል 10,900 አስገባች። «መቶዋን ለታክሲ ተያት እንግዲህ።» ቅድም 800 ልሰርቅ ነበር፣ አሁን ደግሞ ልተውላት። ደከመኝ። ተውኩ። አሰሪዬ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መቶዋን ከኔ ቀነሳት። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ጭቅጭቅና ለአንድ የሌባ ስም 50 ብር አገኘሁ። «ለምን እንዲህ አደረጉኝ ጋሼ?» ስለው ሳቀ። «ገበያ እኮ ነው፣ አታካብጂ።»

አላካብድም። የኮሚሽን ነገር እንደሆነ ለፋሲካ ይጨመርልሻል ከተባለ ፋሲካው ሁለቴ አልፏል።

ደግሞ ሌላ ትዝ አለኝ። ባለፈው የመጡት ሴትዮ፣ «ያለ ደረሰኝስ ስንት?» ብለው በጆሮዬ ያንሾካሾኩት። 15 በመቶው ቫት ይቀንስልኝ ነው ነገሩ። እምቢ ስል «አገር የምታቀኚው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ዲያስፖራዎቹ። እህታቸውን ዋጋ ልታስቆርጥ ይልኩና ራሳቸው መኪና ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ይደበቃሉ። እህትየዋ በመከራ 9 ሺህ አስብላኝ፣ ልክ ልትከፍል ስትል ዲያስፖራዋ «ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት ያምራል!» እያለች ከተፍ ትላለች። እንግዲህ እኔ ምን ልሁን? ካየናቸው እንደምንጨምርባቸው አውቀው እኮ ነው የሚደበቁት። እሱ ላይ ዝም ብል ይሻለኛል።

እናንተም የውስጥ መስመር ጀግኖች አላችሁ። «ዋጋ ለምን አትጽፉም?» ትላላችሁ። የጻፍን ለት ጎረቤት ሱቅ መቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል፣ ለዛ ነው። ስንነግራችሁ ደግሞ አይታችሁ ዝም። ቢያንስ «ተወደደብኝ» በሉ፣ ሰው እኮ ነኝ።

ሰልፉ ንቅንቅ አላለም። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ሆኖ እያነበበ ነው መሰለኝ፣ እየሳቀ ነው።

ይሄን ልለጥፍ ስል መልእክት ገባ። ከማን? ከገዢዋ። «ቆንጆ፣ ቀሚሱን ቤት ሁሉም ወዶታል። ለእህቴም ተመሳሳይ ፈልጌ ነበር። በ10 ታደርጊልኛለሽ?»

«ባለቤቱን ያናግሩት» ብዬ ጻፍኩ።

«አይ፣ እሱ ይቅር፣ ካንቺ ጋር ነው የተግባባነው» አለችኝ።

ልመልስላት አልመልስላት እያልኩ ስልኬ 4 በመቶ ገባ። ታክሲውም አልመጣም።